ከኢተያ ወደ ዴራ ስወርድ የሚጮኸው የላንድክሩዘር ፍሬን

ሃርድቶፕ አዳማ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ምክር ፈልጌ ነው። መኪናዬ የ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ፣ የፊት ፍሬኑ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር (እንደ ከበሮ ያለው)። በሞተሩ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም። ያስቸገረኝ ፍሬኑ ነው።

ኢተያ አካባቢ የቤተሰብ እርሻ ስላለን ከአዳማ ወደዚያ እመላለሳለሁ። ስሄድ ሰላም ነው። ስመለስ ግን ቁልቁለቱን ትንሽ እንደወረድኩ ከፊት በኩል ቀጭን ጩኸት ይጀምራል። ጥርስ የሚያጠርስ ዓይነት ነው። ፍሬኑን ቀስ ብዬ ስይዝ ይብሳል፣ ጠበቅ ሳደርግ ይቀንሳል። ዴራ ስደርስ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ሌላ ድምፅም አለ። ጠዋት ከግቢ ስወጣና ቀስ ብዬ ስነዳ ከኋላ በቀኝ በኩል የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። ፍጥነት ስጨምር አይሰማም።

አንድ ጋራዥ የፊቱን ፍሬን ሸራ ቀይሮ ዲስኩን ቶርኖ ቤት አስላከው። ትንሽ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ጩኸቱ ተመለሰ። ሌላው ደግሞ ካሊፐሮቹ፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት ክፍሎች፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየሩ አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

የወንጂ ልጅ
ወንድም፣ ሸራው ላይ ግራሶ ትንሽ ቀባ አድርግበት። ወዲያው ዝም ይላል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ጋሽ ቁልፍ
ኧረ በፍጹም! ሸራው ዲስክ በሚነካበት ፊት ላይ ግራሶም ሆነ ዘይት ጠብ ማለት የለበትም። ዝም ያለው ፍሬኑ መያዝ ስላቆመ ነው። የኢተያን ቁልቁለት እንደዚያ ሆኖ የሚወርድ ሰው አያድርገኝ። የሚቀባ ነገር አለ፤ እሱም ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ነው። የሚቀባው ፒስተኑ በሚገፋው የሸራው ጀርባና ሸራውን በያዙት ፒኖች ላይ ብቻ ነው። እሱም በጣም ስስ ሆኖ።

ሃርድቶፕ አዳማ፣ ማታ አረፍ ስል በደንብ እጽፍልሃለሁ። እስከዚያ ምንም ዕቃ እንዳትገዛ።

የወንጂ ልጅ
እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል። ጀርባውን ሲቀቡ አይቼ ነው።

የአርሲ መንገድ
እኔ በዚያ መንገድ ለረጅም ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። መካኒክ ባልሆንም ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ። ጥቂት ነገር ልጠይቅህ።

ስትወርድ በስንተኛ ማርሽ ነው? ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል? ሽታው ሲመጣ ፔዳሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል ወይስ ደረቅ እንዳለ መያዝ ብቻ ይከለክላል? እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። ደረቅ ሆኖ ካልያዘ ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል።

ኢተያን አልፈህ የምታገኛት አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። አዳማ ከዚያ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ያን ሁሉ ከፍታ በፍሬን ብቻ መውረድ አይቻልም። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት የድሮ ሹፌሮች እውነታቸውን ነው።

ሃርድቶፕ አዳማ
አመሰግናለሁ ወንድሜ። በሦስተኛ ነው የምወርደው፣ ጭነት ካለኝ በሁለተኛ። ወደ ጎን አይጎትትም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ፔዳሉ አይሰምጥም። ደረቅ ነው፣ ግን መጨረሻ አካባቢ በደንብ ካልረገጥኩት አይቆምም።

ሰላም ቪታራ
ሰላም። የእኔ አሮጌ ቪታራ ናት፤ ግን ስለ ዲስክ ድምፅ አንድ ነገር ልጨምር። ከዲስኩ ጀርባ ስስ የቆርቆሮ መከለያ አለ። በጠጠር መንገድ ስንሄድ ትንሽ ድንጋይ በመሃል ትገባና ዲስኩን ትፍቀዋለች። ድምፁ ልክ ሸራ ያለቀ ይመስላል። ከአዳማ ትንሽ ወጣ ስንል መንገዱ ጠጠርና አቧራ ስለሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። እኔ ጋ መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ቆርቆሮውን በካቻቪቴ ትንሽ ሲከፍተው ጠጠሯ ወደቀች። ሌላ ምንም አላስወጣኝም።

መለያው ይኸው፤ የድንጋዩ ድምፅ ፍሬን ያዝክም አልያዝክም አይቆምም።

ጋሽ ቁልፍ
እንዲህ ነው ወንድሜ። እህታችን ያለችው ትክክል ነው፤ ልብ በሉት። ድምፁ ከየት ይመጣል ከማለት በፊት መቼ ይመጣል ማለት ይቀድማል። ጆሮ ቦታ ላይ ይሳሳታል። በብረት አካል ውስጥ ድምፅ ይጓዛል፤ ከኋላ የተነሳው ከፊት ሊሰማህ ይችላል። ጊዜው ግን አያታልልም።

ፍሬን ሳትይዝ የሚጮኽ፣ ስትይዝ ዝም የሚል ቀጭን ድምፅ ካለ ብዙውን ጊዜ ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እንድትነካ የተሠራችው ምላስ ናት። እሷ ማስጠንቀቂያ ነች፤ ስትሰማት ቶሎ ቀይር። ስትይዝ የሚፋጭ፣ በፔዳሉም በእግርህ የሚሰማህ ከሆነ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተገናኘ ነው። እንዲህ ከሆነ መኪናውን አቁመው። አንዴ ብቻ ጓ የሚል፣ በተለይ ወደ ኋላ ሄደህ ወደ ፊት ስትነሳና መጀመሪያ ፍሬን ስትነካ የሚመጣ ከሆነ ሸራው በቤቱ ውስጥ ላልቶ ይንቀሳቀሳል፤ አለዚያም የባሌስትራው (የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት ድርብርብ ብረቶች) ላስቲክ ወይም ክሮቼራ (ኃይል ወደ አክሰሉ የሚወስደው ዘንግ መገጣጠሚያ) ነው። ከፍጥነት ጋር የሚያድግ፣ ወደ አንድ ጎን ስትጠመዝዝ የሚለወጥ ጉርምርምታ ፍሬን አይደለም፤ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው። ክሪክ አድርግና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከነቀነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና ድገመው። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ችግሩ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ መሪው የሚዞርበት ጉልበት ላይ ነው።

የአንተ የፊት ጩኸት ግን እነዚህን አይመስልም። ቀስ ስትይዝ የሚብስ፣ ጠበቅ ስታደርግ የሚቀንስ፣ ሲግል የሚጀምር። ይህ ሸራው ላዩ በሙቀት መስታወት ሲሆን የሚመጣ ጩኸት ነው። ጎማውን ፈትተህ ሸራውን ብታየው ያብለጨልጫል። ጥያቄው ታዲያ ሌላ ነው። አዲስ ሸራ ለምን እንዲህ በቶሎ ነደደ?

ካሊፐር ነው ያሉህን ለማመን ይከብደኛል። በዚህ መኪና የፊት ካሊፐር ላይ አራት ፒስተን አለ፤ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት። አንዱ በዝገት ከተያዘ መኪናው ይጎትታል፣ ወይም አንዱ ጎማ ብቻ ይግላል። አንተ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብለሃል።

የምሰጥህ ሥራ ይኼ ነው። በሚቀጥለው ስትመለስ ዴራ ላይ ሜዳ ቦታ አቁም። የእጅህን ጀርባ ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጋ፤ አትንካቸው፣ አስጠጋ ብቻ። የትኛው ይግላል፣ የትኛው ይበርዳል? እሱን ንገረኝ። ደግሞ በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ እንዳይደፋበት፤ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ባለሎው
ቁልቁለት ላይ ሎው ፎር (አራቱንም ጎማ በዝቅተኛ ማርሽ) አስገብተህ ለምን አትወርድም? ፍሬን ሳትነካ ትደርሳለህ።

የአርሲ መንገድ
በደረቅ አስፋልት ላይ እንዳታደርገው ወንድሜ። ይህ መኪና የፊትና የኋላ አክሰሉን በአንድነት ነው የሚያስረው። አስፋልት ላይ ስትጠመዝዝ ጎማው የሚንሸራተትበት ስለማያገኝ ጫናው ሁሉ ማርሹና ክሮቼራው ላይ ይወድቃል። ጭቃ ላይ፣ ልቅ ጠጠር ላይ ግን ጥሩ ነው። አስፋልት ላይ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይበቃል።

ሃርድቶፕ አዳማ
ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግኩ። የፊቶቹ ሁለቱም እሳት ናቸው። እጅ አያስጠጋም፤ ቀኝና ግራው እኩል ነው። የኋላዎቹ ግን ቀዝቃዛ ናቸው ማለት ይቻላል። በእጄ ነካኋቸው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ያልወረዱ ይመስላሉ።

ጋሽ ቁልፍ
አገኘነው። ወይም ልናገኘው ነው።

ፊቱ በሽተኛ አይደለም፤ ሥራ በዝቶበት ነው የሚጮኸው። ኋላው አይሠራም። የመኪናው ክብደት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ስለሚሄድ ከፊት የበለጠ መጋሉ ያለ ነው። ኋላው ጨርሶ መቀዝቀዙ ግን ልክ አይደለም። ሸራ እየቀየርክ ብትኖር፣ ካሊፐርም ብትገዛ፣ ጩኸቱ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ሁለት ነገር እይልኝ። አንደኛ፣ ከኋላ ባሌስትራ ተጨምሮበታል? ከመሬት ጎን ለጎን ስታየው ኋላው ከፍ ብሏል? ሁለተኛ፣ ከኋላ አክሰሉ በላይ፣ ሻሲው ላይ የታሰረች ቫልቭ አለች። ከእሷ ቀጭን ዘንግ ወደ አክሰሉ ይወርዳል። ዘንጉ በቦታው አለ ወይ?

ሃርድቶፕ አዳማ
ባሌስትራው ላይ አንድ ወፍራም ተጨምሯል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ጭነት ስለሚያበዛ ያስጨመረው ነው። ኋላው በግልጽ ከፍ ይላል። ዘንጉም አለ፤ ግን ወደ ታች በጣም ተወጥሯል። ይህ ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው ጋሼ?

ጋሽ ቁልፍ
በጣም ይገናኛል። ያቺ ቫልቭ ጭነት ትለካለች። የምትለካበት መንገድ ቀላል ነው። መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ሻሲው ወደ አክሰሉ ይቀርባል፣ ዘንጉ ይህን ለቫልቩ ይነግራል። ያኔ ቫልቩ ወደ ኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ያሳልፋል። ባዶ ሲሆን ኋላው ከፍ ይላል፤ ቫልቩም ግፊቱን ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ባዶ መኪና ላይ የኋላ ፍሬን ቢበረታ ጎማው ተቆልፎ መኪናው ይዞራል።

አሁን ባሌስትራ ሲጨመር ምን ሆነ? ኋላው ለዘለዓለም ከፍ አለ። ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። አንተ ስንዴ ጭነህ ከኢተያ ስትወርድም ባዶ ነው ይላል፣ የኋላውን ግፊት ይቀንሳል። ሸክሙ ሁሉ ፊቱ ላይ ይወድቃል። በአገራችን ባሌስትራ ያልተጨመረበት አሮጌ ሃርድቶፕና ፒክአፕ ማግኘት ይከብዳል። ያንን ሲያስጨምሩ ይህችን ዘንግ የሚያስተካክል ግን ጥቂት ነው። በእውነት የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ሰው ለፊት ሸራ በየጊዜው ገንዘብ ያፈሳል፤ የኋላውን ጎማ ፈትቶ የሚያይለት የለም።

ታምቡሮቹንም ክፈታቸው። ከኋላ የሚንኮሻኮሸው እዚያ ውስጥ ነው። ታምቡሩ አልወጣም ካለ በመዶሻ አትደብድበው። ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ልክ የሆነ ቡሎን እያፈራረቅክ አጥብቅባቸው፣ ራሱ ገፍቶ ይወጣል። የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ አትርሳ።

ሰላም ቪታራ
አንድ ነገር እባካችሁ። ታምቡሩ ሲከፈት ያን ጥቁር አቧራ በኮምፕሬሰር እንዳታስነፉት። ብዙ ጋራዥ እንደዚያ ሲያደርጉ፣ ወጣት ልጆች ደመናው ውስጥ ቆመው አያለሁ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አላቸው፤ አስቤስቶስ ደግሞ ካንሰር ያመጣል። አሁን ገበያ ላይ ያለው ሸራም ከምን እንደተሠራ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ አይታወቅም። በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ምንም አይከብድም። አዳማ ነፋሷን ታውቁታላችሁ፤ የነፋው አቧራ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ይገባል።

ጋሽ ቁልፍ
እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። እኔም ይህንን ልጽፍ ነበር። እኛ ጋ ካለፉት ዓመታት ጀምሮ በውሃ ብቻ ነው፤ ልጆቹንም ማስክ አስደርጋለሁ።

ሃርድቶፕ አዳማ
ዛሬ ከፈትነው። ጋራዡ ቆሜ አየሁ።

የቀኙ ታምቡር ውስጥ ሸራውን ከጀርባው ቆርቆሮ ጋር የምትይዘው ትንሽ ሞላ ተሰብራለች። ቁራጯ ታምቡሩ ውስጥ ስትንከባለል ስለኖረች ጫፎቿ ለስልሰው እንደ ብር ያበራሉ። ጠዋት የምሰማው እሷን ነበር። ታምቡሩ ላይ ስስ ጭረት አውጥታለች፤ ግን ጥልቅ አይደለም።

የግራው ግን ሌላ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ታምቡሩ ሲወጣ የዲፈረንሻል ዘይት ሸተተን። ሸራው ከታች እስከ ግማሹ ጠቁሮ ርሷል። ልጁ በጣቱ ሲነካው ዘይቱ ጣቱ ላይ ተከተለው። የጋራዡ ሰው ሸራውን በቤንዚን አጥበን በእሳት እናደርቀዋለን፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግም አለኝ። ጋሼ፣ ምን ይላሉ?

ጋሽ ቁልፍ
አይሆንም። ሸራ ዘይት ከጠጣ ጠጣ ነው። ላዩ ሲቃጠል ንጹሕ ይመስላል። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ሲግል ከውስጥ ያለው ዘይት ወደ ላይ ይመጣል። በሚያስፈልግህ ሰዓት ይከዳሃል። ሸራ ይቀየር፤ ደግሞ በሁለቱም ጎን። አንዱን ጎን ብቻ ከቀየርክ መኪናው ይጎትታል። ኦሪጅናል ካላገኘህ ባለው ብረት ላይ አዲስ ሸራ ማስመታት ይቻላል፤ ነገር ግን ሸራውን ከብረቱ ጋር የሚይዙት የሪቬቶቹ ራስ ከሸራው ላይ በደንብ ወደ ታች መግባቱን በጥፍርህ እየዳሰስክ እይ። ላይ ከቀረ ታምቡሩን ይበላዋል። ታምቡሩን ካስላክኸውም ውስጡ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ስፋት እንዳያልፍ።

ዘይቱ ደግሞ ለምን ወጣ? ኦይል ሲሉ፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ላስቲክ፣ አርጅቶ ይሆናል፤ ቀይረው። ግን ከዚያ በፊት የአክሰሉን መተንፈሻ እየው። ከአክሰሉ ላይ የምትወጣ ትንሽ ቱቦ ወይም ክዳን ናት። በአቧራና በጭቃ ትደፈናለች። ስትደፈን አክሰሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። መተንፈሻውን ሳትከፍት አዲስ ሲል ብታስገባ እሱም ማፍሰሱ አይቀርም።

ባለሎው
ቫልቩን ግን ለምን አታስወግደውም? ቧንቧውን ቀጥታ ያገናኙልሃል። የእኔ ዘመድ ፒክአፕ ላይ እንደዚያ ነው የተሠራው፣ ኋላው ጥሩ ይይዛል።

የአርሲ መንገድ
ጭነት እያለው ጥሩ ይይዛል፤ እውነት ነው። ባዶውን ሲሆንና ዝናብ ሲዘንብስ? አሰላ አካባቢ በክረምት አስፋልቱ ላይ ጭቃ ይወጣል። የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናው ወገቡን ይዞ ይዞራል። እንዲህ ሆኖ ገደል ዳር የቆመ ፒክአፕ በዓይኔ አይቻለሁ። ቫልቩ በቦታው ይቆይ።

ጋሽ ቁልፍ
እኔም እዚሁ ላይ ነኝ። ዘንጉ ማስተካከያ አለው። ባሌስትራው መኪናውን ከፍ ባደረገው መጠን ዘንጉም ይስተካከላል። ትክክለኛው መንገድ የፊትና የኋላ ግፊቱን በጌጅ ለክቶ ማስተካከል ነው። ጌጅ ያለው ጋራዥ ካገኘህ አትለፈው። ከሌለ በጥቂቱ እያስተካከሉ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ባዶውን መሞከር ነው። ጠበቅ አድርገህ ስትይዝ የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቀድመው መቆለፍ አለባቸው። የኋላው ከቀደመ አብዝተሃል፤ መልሰው። ሌላው ምርጫ የተጨመረውን ባሌስትራ ማስወጣት ነው፤ ብዙ ካልጫንክ እሱ ይሻላል።

ሃርድቶፕ አዳማ
ሁሉም ተሠራ። መተንፈሻው እንዳሉት ድፍን ብሎ ነበር፤ በሽቦ ነው የተከፈተው። ኦይል ሲል፣ የኋላ ሸራ በሁለቱም በኩል፣ የታምቡር ሞላዎች በሙሉ ተቀየሩ። የፊቱ ሸራ ገና ወፍራም ስለሆነ መስታወት የሆነውን ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አርጥበን ገፈፍነው። ባሌስትራው ጭነት ስላለብኝ አልወጣም፤ ዘንጉ ግን ጌጅ ባለው ጋራዥ ተስተካከለ። ጠቅላላ ወጪው ለካሊፐር ከተጠየቅኩት በጣም ያነሰ ነው።

ትናንት ድንች ጭኜ ወረድኩ። ዴራ ላይ ቆሜ ቸርኬዎቹን አየሁ። ኋላው ሞቅ ብሏል፣ ፊቱ እንደ ድሮው አይደለም። ሽታ የለም፣ ጩኸት የለም። ዛሬ ጠዋት ብቻ መጀመሪያ ፍሬን ስይዝ ትንሽ ሸር አለና ጠፋ። ይህ ያሳስባል ወይ?

ጋሽ ቁልፍ
አያሳስብም። ሌሊት እርጥበት ሲነካው ዲስኩና ታምቡሩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ጥቂት ጊዜ ስትይዝ ይጠረጋል። ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ ግን ንገረኝ።

አዲሱ የኋላ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪለማመድ ከባድ ጭነት አትጫንበት። ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ እያልክ ያዝ፣ እስኪበርድ ንዳ፣ ድገመው። ከዚያ ታምቡሩን እንደገና አስተካክሉልህ፤ ሸራው ሲቀመጥ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። የጎማ ዳዶዎቹንም በዚያው ደግመህ አጥብቅ።

ሰላም ቪታራ
ጋሼ፣ የፍሬን ዘይቱስ? አሮጌ መኪና ላይ በየስንት ጊዜ ነው የሚቀየረው? የኔ ጠቁሯል።

ጋሽ ቁልፍ
በየሁለት ዓመቱ ቀይሪው እህቴ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 በ230ና በ155 ነው። የጠቆረ ከሆነ አንድ ዓመት አትጠብቂ። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስም አትግዢ። ሲቀየር ከማስተር ሲሊንደሩ ራቅ ካለው ጎማ ጀምረው አየሩን ያስወጡ፤ ንጹሕ ዘይት በቱቦው ሲወርድ እስኪታይ ድረስ። ዶት 5 የሚል ካጋጠመሽ ግን ተዪው፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ሃርድቶፕ፣ የአንተም ሲሊንደሮች ሲከፈቱ አየር ገብቶ ከሆነ የፍሬን ዘይቱ አብሮ ይቀየር ነበር። ካልተቀየረ በሚቀጥለው ሰርቪስ አስደርገው።

ሃርድቶፕ አዳማ
አልተቀየረም ጋሼ። ነገ ጠዋት ዶት 4 ይዤ እሄዳለሁ።